ለእጅ የተሠራ ሰይፍና ለዓይን የተሠራ ሰይፍ

(በምናባዊ የቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ ስላለው የጦር መሣሪያ አሣሣል)

የሰው ልጅ ዕቃን የሚሠራው በሁለት ዐይነት ሐሳብ ነው። አንደኛው ለሥራ እንዲያገለግለው ሲሆን ሁለተኛው ለሚያየው ሰው እንዲያምር ወይም እንዲያስፈራ ነው። ማረሻ የመጀመሪያው ዐይነት ነው፤ ዘውድ ሁለተኛው ዐይነት ነው። ሰይፍ ግን በሁለቱ መካከል የቆመ ዕቃ ነው። በጦር ሜዳ ሲመዘዝ የሥራ መሣሪያ ነው፤ በአደባባይ ከወገብ ሲታጠቁት ደግሞ ጌጥና የማዕርግ ምልክት ነው። ስለዚህ ሰይፍ ለእጅ ይሠራ ወይስ ለዓይን የሚለው ክርክር ከሰይፍ ጋር አብሮ የኖረ ነው። በዘመናችን ይህ ክርክር ወደ አዲስ ሜዳ ገብቷል፤ ሜዳውም የቪዲዮ ጨዋታ ነው።

ዛሬ ብዙ ወጣት የጥንት ሰይፍን መጀመሪያ የሚያውቀው በቤተ መዘክር ወይም በአያቱ ቤት ግድግዳ ላይ ሳይሆን በስክሪን ነው። እዚያም የሚያየው ሰይፍ ርዝመቱ እንደ ሰው፣ ስፋቱ እንደ መዝጊያ ሳንቃ ሆኖ፣ አንዳንዱም እሳት የሚተፋ ነው። ወላጆች ይህን ሲያዩ «ይህማ ውሸት ነው» ይላሉ። ልጆች ደግሞ «ጨዋታ እኮ ነው» ብለው ይመልሳሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነገሩ ከየት ተነሥቶ እዚህ እንደ ደረሰ መግለጽና፣ ከዚያም ለእኛ ለተማሪዎች የሚሰጠውን ትምህርት ማሳየት ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ እውነተኛው ሰይፍ ምን ይመስል እንደ ነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። በመካከለኛው ዘመን በአውሮፓ በአንድ እጅ ይያዝ የነበረው ሰይፍ ክብደቱ ከ1 ኪሎ እስከ 1 ኪሎ ተኩል ገደማ ነበር። በሁለት እጅ ይያዝ የነበረው የ16ኛው መቶ ዓመት ታላቅ ሰይፍ እንኳ፣ ርዝመቱ የሰው ቁመት ያህል ሆኖ ሳለ፣ ለውጊያ የተሠራው አብዛኛውን ጊዜ የሚመዝነው ከ2 እስከ 3 ኪሎ ተኩል ነበር። ስለ ምን እንዲህ ቀለለ ቢሉ፣ ሰይፍ የሚቈርጠው በክብደቱ ብቻ ሳይሆን በስለቱና በፍጥነቱ ስለሆነ ነው። ከባድ ሰይፍ ያነሣ ሰው አንድ ጊዜ ሰንዝሮ የሳተ እንደ ሆነ፣ ሰይፉን መልሶ እስኪያነሣ ድረስ ባላጋራው ሥራውን ይጨርሳል።

ይህን ቅለት የሚያስገኘው የብረት ቀጥቃጩ ጥበብ ነው። የሰይፉ ብረት ከእጀታው አጠገብ ወፍራም ሆኖ ወደ ጫፉ እየሳሳ ይሄዳል። በመካከሉ ተቀዶ የሚታየውን ቦይ ብዙ ሰው «የደም መፍሰሻ ነው» ይለዋል፤ እውነተኛው ጥቅሙ ግን የብረቱን ጥንካሬ ሳይጐዳ ክብደቱን መቀነስ ነው። ከእጀታው በስተኋላ ጫፍ ላይ ያለው ድብልብል ብረትም ለጌጥ ብቻ የተቀመጠ አይደለም። እንደ ሚዛን ድንጋይ ሆኖ ከረጅሙ ብረት ጋር ይመዛዘናል፤ በዚህም ምክንያት የሰይፉ ሚዛን ወደ እጅ ይቀርብና ተዋጊው ሰይፉን እንደ ልቡ ያዞረዋል። እንግዲህ በአንዲት ኪሎ ብረት ውስጥ ምን ያህል ዕውቀት እንደ ተቀበረ መገመት አያዳግትም።

ነገር በምሳሌ ነውና አንድ ሒሳብ እንሥራ። በጨዋታ ውስጥ የምናየው ሰፊ ሰይፍ፣ ብረቱ ርዝመቱ 150 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 1 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ሦስቱን ብናባዛ ይዘቱ 4500 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይሆናል። አንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ ብረት 7.8 ግራም ገደማ ስለሚመዝን ጠቅላላ ክብደቱ 35 ኪሎ ያህል ይሆናል። ይህም የአንድ ኩንታል ሲሶ ማለት ነው። ሰውነቱ 60 ኪሎ የሆነ ወጣት ይህን ብረት በኀይል ቢያወዛውዘው፣ እርሱ ሰይፉን መወዝወዙ ቀርቶ ሰይፉ እርሱን ይዞት ይሄዳል። ይህን ለማወቅ በፊዚክስ ክፍል የተማርነው ይበቃል።

ይህን ስንል ግን ለዓይን የሚሠራ መሣሪያ የቪዲዮ ጨዋታ ፈጠራ ነው ማለታችን አይደለም። በ16ኛው መቶ ዓመት በሚላኖ ከተማ የነበረው ስመ ጥር የጥሩር ሠሪ ፊሊፖ ኔግሮሊ፣ ለነገሥታትና ለመኳንንት የሚሠራውን የራስ ቍርና ጋሻ በሰውና በእንስሳ ምስል ያስጌጠው ነበር። በ1543 ዓ.ም. የሠራው አንድ የራስ ቍር ዛሬ በኒው ዮርክ በሜትሮፖሊታን ቤተ መዘክር ይገኛል፤ ከአንድ ብረት ተቀጥቅጦ የወጣ እጅግ የሚያስደንቅ ሥራ ነው። ነገር ግን የውጊያ ጥሩር ለስላሳ መሆን አለበት፤ የጠላት ጫፍ ሲያርፍበት እንዲያንሸራትተው ነው። እንዲህ በምስል የተጐበጐበ ብረት ደግሞ የጦሩን ጫፍ ይዞ ያስቀረዋል። ስለዚህ ይህ ዕቃ የተሠራው ለሰልፍና ለክብር ነበር። በጃፓን አገርም በኦካያማ፣ ኪቢትሱ በተባለው መቅደስ ውስጥ የሚጠበቅ የ15ኛው መቶ ዓመት ሰይፍ አለ። ርዝመቱ 3.77 ሜትር ሲሆን ክብደቱ 14 ኪሎ ተኩል ያህል ነው። ይህ ሰይፍ የቀጥቃጩን ችሎታ ይመሰክራል እንጂ ለተራ ተዋጊ እጅ የተመጠነ አይደለም።

በአገራችንም ነገሩ እንዲሁ ነበር። የተራው ወታደር ጋሻ ከጎሽ ወይም ከጉማሬ ቆዳ የተሠራና ጌጥ የሌለው ነበር፤ ሥራው መመከት ብቻ ነው። የመኳንንቱና የጀግኖቹ ጋሻ ግን በከፋይ ተለብጦ በብር ያጌጠ ነበር። ብሩ ጦር አይመልስም፤ ነገር ግን የያዘው ሰው ማን እንደ ሆነና ከንጉሡ ምን ክብር እንዳገኘ ከሩቅ ይናገራል። የአንበሳ ጎፈርም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ለዓይን የተሠራ መሣሪያ ሁሉ ውሸት አይባልም፤ የራሱ ሥራ አለው፤ ሥራውም መናገር ነው።

አሁን ወደ ጨዋታዎቹ ታሪክ እንግባ። የቪዲዮ ጨዋታ በተጀመረበት ዘመን ሠዓሊው እውነቱን ልሣል ወይስ ላግንነው ብሎ የሚመርጥበት አቅም አልነበረውም። በ1980 ዓ.ም. ዋረን ሮቢኔት ለአታሪ ኩባንያ በሠራው «አድቬንቸር» በተባለው ጨዋታ፣ ጀግናው አራት ማዕዘን ነጥብ ብቻ ነበር፤ ዘንዶ የሚገድልበት ሰይፍም ቀስት ይመስል ነበር። በ1986 ዓ.ም. ኒንቴንዶ ባወጣው «ዘ ለጀንድ ኦቭ ዜልዳ» ጀግናው ቁመቱም ወርዱም 16 ነቍጥ በሆነ ቦታ ውስጥ የተሣለ ነበር። በእንዲህ ያለ ጠባብ ቦታ ስለ ሰይፍ ቦይና ሚዛን ማሰብ አይቻልም። ግርማውን ለማሳየት የተገኘው ዘዴ፣ ጀግናው ሙሉ ጤና ሲኖረው ከሰይፉ ጫፍ ብርሃን እንዲወረወር ማድረግ ነበር። የትርኢቱ መንገድ ገና ከዚህ ጀምሮ ይታያል።

በ1989 ዓ.ም. ደግሞ ጆርዳን ሜክነር «ፕሪንስ ኦቭ ፐርሽያ» የተባለውን ጨዋታ አወጣ። የሰዎቹ እንቅስቃሴ እውነተኛ እንዲመስል ፈልጎ፣ የሰይፍ ግጥሚያውን በ1938 ዓ.ም. ከተሠራው የሮቢን ሁድ ፊልም፣ ኤረል ፍሊንና ቤዚል ራዝቦን ከሚፋለሙበት ክፍል፣ ምስል በምስል እየተከተለ ሣለው። ተመልካቹ ሁሉ «ይህስ እውነተኛ ነው» ብሎ ተደነቀ። ነገር ግን ያ ፊልም ራሱ ትርኢት ነበር፤ ተዋናዮቹ የሚሰነዝሩት ለመግደል ሳይሆን ከካሜራው ወዲያ ለተቀመጠው ተመልካች እንዲታይ ነበር። እውነተኛነት የተባለው ነገር ብዙ ጊዜ ከሌላ ትርኢት የተቀዳ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ከስክሪን ውጭ ያለ አንድ ሌላ ጨዋታም መጠቀስ አለበት፤ የቪዲዮ ጨዋታዎች የክብደት፣ የጕልበትና የማዕርግ ቍጥር ብዙው ከእርሱ የመጣ ነውና። ይኸውም በ1974 ዓ.ም. በአሜሪካ ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ያወጡት «ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ» ነው። በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ ቍጥር የተጻፈባቸውን ጠጠሮች እየጣሉ የሚጫወቱት ነው። የዚህ ጨዋታ የደንብ መጽሐፍ በ1989 ዓ.ም. ለሁለት እጅ ሰይፍ 15 ፓውንድ፣ ማለት 6.8 ኪሎ ሰጠው። በ2003 ዓ.ም. በታተመው ደንብ ታላቁ ሰይፍ ወደ 8 ፓውንድ፣ ማለት ወደ 3.6 ኪሎ ወረደ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ 6 ፓውንድ፣ ማለት 2.7 ኪሎ ሆነ። እንግዲህ በ25 ዓመት ውስጥ በወረቀት ላይ ያለው ሰይፍ ከእጥፍ በላይ ቀልሎ በቤተ መዘክር ካለው ጋር ተገናኘ።

በወረቀት ላይ ሰይፉ ሲቀል ግን በስክሪን ላይ እየገዘፈ ሄደ። ኬንታሮ ሚዩራ የተባለው ጃፓናዊ ሠዓሊ በ1989 ዓ.ም. መውጣት በጀመረው «በርሰርክ» በተባለ የሥዕል ታሪኩ፣ ጀግናውን ከቁመቱ የሚተካከል ሰፊ ብረት አሸክሞት ነበር። በ1997 ዓ.ም. ስኩዌር የተባለው ኩባንያ «ፋይናል ፋንታዚ 7»ን ሲያወጣ፣ ቴትሱያ ኖሙራ የነደፈው ክላውድ የተባለው ወጣት «በስተር ሶርድ» የተባለ ታላቅ ሰይፍ ይዞ ታየ። ከላይ ያሰላነው ሒሳብ እንዲህ ላለው ሰይፍ የሚስማማ ነው።

ሠዓሊዎቹ ይህን ያደረጉት ባለማወቅ ነው ብሎ መፍረድ ስሕተት ነው። ሦስት ምክንያት አለው። መጀመሪያ፣ በዚያን ጊዜ የጨዋታ ሰው የሚሠራው ከጥቂት ባለማዕዘን ቅርጾች ስለ ነበረና ከሩቅ ስለሚታይ፣ ቀጭን ሰይፍ ቢይዝ አይለይም ነበር፤ ሰፊ ሰይፍ ግን የሰውየውን ማንነት በአንድ እይታ ያስታውቃል። ሁለተኛ፣ ተጫዋቹ ከፊቱ የሚሰነዘረውን ነገር በቅጽበት አይቶ መሸሽ ስላለበት፣ የመሣሪያው ግዝፈት እንደ ማስጠንቀቂያ ያገለግላል። በ2004 ዓ.ም. በወጣው «ወርልድ ኦቭ ዋርክራፍት» ሰይፉና የትከሻው ጥሩር የገዘፉ ሆነው እናያለን፤ ተጫዋቹም ሰዉን የሚያየው ከኋላና ከላይ ርቆ ነው። ሦስተኛው ምክንያት ማዕርግ ነው። በ2011 ዓ.ም. በወጣው «ስካይሪም» ጀማሪው የሚይዘው ተራ የብረት ሰይፍ ነው፤ ብዙ የደከመው ግን ጥቁር ሆኖ እሾህ ያበቀለ ሰይፍ ይታጠቃል። ይህ ሦስተኛው ምክንያት አዲስ ነገር አይደለም፤ ከብር ጋሻው ጋር አንድ ነው።

ትርኢትን ከመረጡት መካከል ግን ዋጋውን የሚከፍልና የማይከፍል አለ። ካፕኮም በ2004 ዓ.ም. በጀመረው «ሞንስተር ሀንተር» የሚባል ጨዋታ ታላቁ ሰይፍ ከሰው የሚተካከል ነው፤ እውነተኛ አይደለም። ነገር ግን የያዘው አዳኝ ሰይፉን ለማንሣት ይዘገያል፤ በእጁ እንደ ያዘ መሮጥ አይችልም፤ መሸሽ ቢፈልግ መጀመሪያ በጀርባው መስደድ አለበት። ያለ ጊዜው የሰነዘረ ሰው ይመታል። ስለዚህ ቅርጹ ቢጋነንም የክብደት ሕግ ተከብሯል። በሌሎች ጨዋታዎች ግን የኩንታል ሲሶ የሚያህለውን ብረት እንደ አለንጋ ሲያወዛውዙት እናያለን። ዓይን ለጥቂት ጊዜ ይደሰታል፤ ልብ ግን አያምንም።

በሌላ ወገን እውነተኛነትን የመረጡም አሉ። በቱርክ አገር በአንካራ የሚገኘው ቴልዎርልድስ በ2008 ዓ.ም. ያወጣው «ማውንት ኤንድ ብሌድ» አገሩ በምናብ የተፈጠረ ነው፤ ሰይፉና ጦሩ ግን የታሪክ ናቸው፤ አስማትም የለበትም። የፈረሱ ግልቢያ በፈጠነ መጠን የጦሩ ምት ይበረታል። በ2018 ዓ.ም. የቼክ ሰዎች ያወጡት «ኪንግደም ካም ዴሊቨራንስ» ደግሞ ከምናብ ጨርሶ ወጥቶ በ1403 ዓ.ም. በቦሄሚያ ይጀምራል። በእርሱም ሰይፍ ይደነዝዛል፤ በሞረድ መሳል አለበት፤ ጥሩር በለበሰ ሰው ላይ ከሰይፍ ይልቅ ዱላ ይሠራል። አዘጋጆቹ የጥንቱን የሰይፍ ትምህርት መርምረዋል። ስለ ሰይፍ ጥበብ ከተጻፉት መካከል እስከ ዛሬ ከተገኙት ጥንታዊ የሆነው የብራና መጽሐፍ ከ1300 ዓ.ም. ገደማ የመጣ ሲሆን በእንግሊዝ አገር በሊድስ የጦር መሣሪያ ቤተ መዘክር ይገኛል። ነገር ግን እውነተኛነትም ወሰን አለው። በዚህ ጨዋታ እንኳ ከባድ ቍስል በአንድ ብልቃጥ መድኃኒት ይሽራል። ሁሉ እንደ እውነቱ ቢሆን ኖሮ ጨዋታው በመጀመሪያው ቍስል ላይ ባለቀ ነበር።

ሁለቱን ወገኖች ለማስታረቅ የሞከረ ቢኖር ሂደታካ ሚያዛኪ በመሩት ሥራ የወጡት «ዳርክ ሶልስ» (2011) እና «ኤልደን ሪንግ» (2022) ናቸው። በእነዚህ ጨዋታዎች አንዱ ሰይፍ ቤተ መዘክር ካለው ጋር ይመሳሰላል፤ ሌላው የድንጋይ ምሰሶ ያህላል። ሁሉም ግን የክብደትና የጕልበት ቍጥር አላቸው፤ ከባዱን የመረጠ ሰው ፍጥነቱን ይከፍላል። ለእኛ ይበልጥ የሚያስደስተው ደግሞ ከመሣሪያዎቹ መካከል ሾተል በስሙ መገኘቱ ነው። እንደሚታወቀው ሾተል እንደ ማጭድ የጐበጠ የአገራችን ሰይፍ ነው፤ ጕብጠቱም ከጋሻ ጀርባ ያለውን ሰው ዞሮ ለማግኘት ይረዳል። በ«ዳርክ ሶልስ» በሾተል በብርቱ የተሰነዘረ ምት ጋሻን በከፊል አልፎ ይመታል። እንግዲህ ዘንዶና አጋንንት በሞሉበት ምናባዊ ዓለም ውስጥ፣ የአንድ ኢትዮጵያዊ መሣሪያ የአሠራር ምክንያት ሳይዛባ ተጠብቋል። በታሪክ ላይ በቆመው «ኤጅ ኦቭ ኢምፓየርስ 2» ውስጥም በ2015 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያን ሲጨመሩ፣ ልዩ ወታደራቸው ባለሾተል ሆነ፤ ንግግሩም በአማርኛ ነው። እውነተኛነት የሚገኘው በቅርጽ ብቻ ሳይሆን በምክንያትም ጭምር እንደ ሆነ ከዚህ እንማራለን።

ታዲያ ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይጠቅማል? ጕዳዩ የጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ባበቃን ነበር። ነገር ግን የሰይፍ አሣሣል ስለ ጥንት ሰዎች የምናስበውን ሐሳብ ይለውጣል። ግዙፉ ሰይፍ የሚያወድሰው የተሸካሚውን ጡንቻ ነው። ቀላሉ ሰይፍ ግን የሚያወድሰው የሠሪውን እጅ ነው። አባቶቻችን ያሸነፉት እንደ ግንድ የከበደ ብረት ስለ ተሸከሙ ነው ብሎ የሚያስብ ልጅ፣ ጀግኖቹን አክብሮ ቀጥቃጩን ይረሳል። ቀጥቃጩ ደግሞ በአገራችን አስቀድሞ የተረሳ፣ ይልቁንም የተበደለ ሰው ነው። ማረሻውን ለገበሬው፣ ጦሩንና ሾተሉን ለወታደሩ እየሠራ ሲሰጥ፣ እኛ ጠይብና ቡዳ እያልን እንሰድበው ነበር። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይህ ነው። ከ1889 እስከ 1913 ዓ.ም. የነገሡት ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የእጅ ሙያ ያለውን ሰው መስደብን በዐዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ነገሩ አገርን የሚጐዳ መሆኑን ተረድተው ነው። ሰው የሚሠራውን እየናቁ የተሠራውን መውደድ ከዕውቀት የራቀ ነገር ነው።

ስለዚህ አስተያየታችን እንዲህ ነው። ምናባዊ ጨዋታ ሰይፉን ቢያገዝፈው አይነቀፍም፤ ኔግሮሊም ያደረገው፣ የብር ጋሻ ሠሪውም ያደረገው ይህንኑ ነው። የሚነቀፈው ክብደቱን ረስቶ ሲያገዝፍ ነው። ያለ ዋጋ የሚገኝ ኀይል ተጫዋቹን ቶሎ ያሰለቸዋል፤ ስለ ሥራም ዋጋ የተሳሳተ ትምህርት ይሰጠዋል። ወላጆችም ልጃቸው ታላቅ ሰይፍ በስክሪን ሲያወዛውዝ ባዩ ጊዜ «ይህ ስንት ኪሎ ይመዝናል? ማንስ ሠራው?» ብለው ቢጠይቁት፣ ከቍጣ ይልቅ ይህ ጥያቄ ብዙ ያስተምረዋል።

እኛ ተማሪዎችም በትምህርት ቤታችን የተማርነው ሒሳብ፣ ፊዚክስና ታሪክ በየክፍሉ ተዘግቶ እንዲቀር አይደለም። ከመካከላችን ነገ የቪዲዮ ጨዋታ የሚነድፍ ሰው ቢወጣ፣ ሾተልንና ጎራዴን፣ ጦርንና ጋሻን ከመሣሉ በፊት በቤተ መዘክር ሄዶ ይመልከት፤ ዛሬም ወናፍ እየነፋ ማረሻ የሚቀጠቅጠውን ባለሙያ አጠገቡ ተቀምጦ ይጠይቀው። ከዚያ በኋላ እንደ ወደደ ያግንነው። የሚያጋንነውን ነገር አስቀድሞ ያወቀ ሰው በጨዋታው ያስደስታል፤ የሠሪውንም ክብር ይጠብቃል።